በእጅ ያለውን የሚያስጥል ምኞት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ስስት ነው። ስስት ስንል የመብልን ስስት ብቻ ማለታችን አይደለም። ሰው ያለው አልበቃው ብሎ የሌለውን፥ ይልቁንም የወንድሙ የሆነውን እንዲመኝ የሚያደርገውን የልብ ረኃብ ማለታችን ነው። የሆድ ረኃብ እንጀራ ሲያገኝ ይበርዳል፤ የልብ ረኃብ ግን ሲያበሉት ይብሳል፤ አንድ ጎተራ የሞላለት ሰው ሁለተኛውን ባዶ ሆኖ ያየዋልና።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምረዋለን። ጌታችንም በዘር፥ በእርሾ፥ በመረብ፥ በጠፋችውም በግ እየመሰለ አስተምሮአል። የምሳሌ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰሚው በመጀመሪያ በሌላው ላይ ይፈርዳል፥ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ወደ ራሱ ዞሮ ያገኘዋል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በመጣ ጊዜ ንጉሡን ፊት ለፊት በመዝለፍ አልጀመረም። ብዙ መንጋ ያለው አንድ ባለጸጋ እንግዳ ቢመጣበት ከራሱ በጎች አንዲቱን ለማረድ ሳስቶ፥ ድሀው እንደ ልጅ በጕያው ያሳደጋትን አንዲት ጠቦት ወስዶ እንዳረደበት ተረከለት። ዳዊትም በቍጣ ነድዶ በዚያ ባለጸጋ ላይ ፈረደ፤ የተፈረደበት ግን ራሱ ዳዊት ነበረ። እንግዲህ እናንተም የምንተርክላችሁን ስትሰሙ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ እኛም ስንናገር አንቸኩልም።

የመጀመሪያውን ምሳሌ ልጆቻችሁ ያውቁታል። የጥንቱ ግሪካዊ ኤሶፕ እንደ ተረከው ይነገራል፤ በብዙ አገርም በሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ከነሥዕሉ ታትሞ ይገኛል። አንድ ውሻ ሙዳ ሥጋ በአፉ ይዞ በወንዝ ላይ በተጋደመ ግንድ ሲሻገር፥ ወደ ታች ቢመለከት መልኩን በውኃው ውስጥ አየ። ሌላ ውሻ ሌላ ሙዳ የያዘ መሰለው፤ ያንንም ሊነጥቅ አፉን ከፈተ። ሥጋው ወደ ውኃ ገባ፥ ወራጁም ወሰደው። ሕፃናት ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኛም በልጅነታችን ስቀናል።

ዛሬ ግን የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። በብዙ ተራኪዎች ዘንድ በውኃው ውስጥ የታየው ሥጋ በአፉ ካለው ይልቅ ለውሻው በልጦ ታይቶታል። ሁለቱ አንድ ሆነው ሳሉ ጥላው ከአካሉ እንዴት በለጠ? ያበለጠው ውኃው አይደለም፥ የተመልካቹ ዐይን ነው እንጂ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው። የጎረቤታችን እህል ከእኛው እህል ይልቅ ዛላው የበረከተ፥ የጎረቤታችን ላም ከእኛይቱ ይልቅ ግቷ የሰፋ መስሎ ይታየናል። ደግሞም ልብ በሉ፤ የውሻውን ሥጋ ሌባ አልሰረቀውም፥ ብርቱም አልቀማውም። ሥጋውን ያጣው የራሱን አፍ ስለ ከፈተ ነው። ስለ ስስት የምንናገረው ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ ስስታም ሰው የሌላውን ሊወስድ ሲዘረጋ አስቀድሞ የሚወድቀው በእጁ ያለው ነው። የሚወድቀው ግን ሁልጊዜ ሥጋ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ልቡናው ይወድቃል፥ አንዳንድ ጊዜ ወንድሙ፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍሱ።

ልቡና እንዴት እንደሚወድቅ የሚያሳየውን ምሳሌ ከራሳችን መጻሕፍት እናመጣለን። «በራላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ሊቃውንት የታሪኩን መነሻ እስከ ህንድ አገር ያደርሱታል፤ በብዙ ቋንቋም እየተላለፈ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ተነብቦአል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ከየመን መጥተው በክርስቶስ ያመኑት፥ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም ናቸው። የተረጐሙትም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን ምን ዘመን እንደ ነበረ አስቡ። የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት በ1543 ዓ.ም. ካበቃ ገና 10 ዓመቱ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፥ መጻሕፍት ጠፍተው፥ ሰው ሁሉ ያጣውን እየቈጠረ በሚያዝንበት ጊዜ፥ እኒህ አባት የዚህን ዓለም ንብረት ኃላፊነት የሚናገር መጽሐፍ መርጠው መተርጐማቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም።

በዚያ መጽሐፍ የሚነገረው እንዲህ ነው። አንድ ወፍ አጥማጅ ድምፀ መልካም የሆነች ትንሽ ወፍ በወጥመዱ ያዘና ሊያርዳት ቢላዋ አነሣ። ወፊቱም አንደበት ተሰጥቷት «እኔን በልተህ አትጠግብም፤ ብትለቀኝ ግን ሦስት ምክር እሰጥሃለሁ፥ ብትጠብቃቸውም ዕድሜህን ሁሉ ይጠቅሙሃል» አለችው። እርሱም ተደንቆ እንደሚለቃት ተስፋ ሰጣት። ወፊቱም የማይደረስበትን ለመያዝ እንዳይደክም፥ ባለፈ ነገር እንዳይጸጸት፥ የማይታመን ነገርም እንዳያምን መከረችው። አጥማጁ ምክሩን ወደደው፤ እጁንም ከፍቶ ለቀቃት።

ወፊቱ ግን ምክሯ በልቡ ገብቶ እንደ ሆነ ልትፈትነው ወደደች። በአየር ላይ ሆና «አንተ ሰው፥ ምን ያህል ሀብት ከእጅህ እንዳመለጠ ብታውቅ! በሆዴ ውስጥ ከሰጎን እንቍላል የሚበልጥ ዕንቍ አለ» አለችው። ሰውዬው ይህን በሰማ ጊዜ አንጀቱ ተቃጠለ፤ ስለ ለቀቃትም ተጸጸተ፤ ሊይዛትም ወዲያና ወዲህ ሮጠ። ባይሆንለት ጊዜ ድምፁን አለዝቦ «ወደ ቤቴ ግቢ፥ ደኅና አድርጌ አስተናግድሽና በክብር እሰድሻለሁ» እያለ ይለምናት ጀመር። ወፊቱም ያን ጊዜ መለሰችለት። ሞኝነቱን አሁን እንዳወቀች፥ ከሦስቱ ምክር አንዱንም እንዳልጠበቀ ነገረችው፤ ስላለፈው ተጸጽቶአል፥ የማይደርስባትንም በራሪ ሊይዝ ሮጦአል፥ የማይታመነውንም አምኖአል። እርሷ ሁለንተናዋ ተደምሮ የሰጎን እንቍላል የማታህል ሆና ሳለች፥ ያን የሚያህል ዕንቍ በሆዷ ውስጥ እንዴት ሊያድር እንደሚችል እንኳ አልመረመረም።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ያ አጥማጅ ወፊቱን በመዳፉ ይዞአት ነበር። ትንሽ እንደ ሆነች በዐይኑ አይቶ በእጁ መዝኖአታል። ወፍ መመዘን ሥራው ነው፤ በዚያ ይኖራልና። ነገር ግን «ዕንቍ» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ የገዛ እጁ የነገረውን ረሳ። ስስት ከሰው አስቀድሞ የሚሰርቀው ማስተዋልን ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በዘመናችንም ገንዘባችሁን ብትሰጡን በጥቂት ቀን እጥፍ አድርገን እንመልሳለን የሚሉ ሰዎች ሲነሡ እናያለን። ወደ እነርሱ የሚሄደው ሰነፍ ሰው ብቻ አይደለም። ዘመኑን ሁሉ ሲነግድ የኖረ፥ አንድ ብር አንድ ብር ለመውለድ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ በላቡ የተማረ ሰው፥ በሬውን ሸጦ፥ የልጁን መዳሪያ አውጥቶ ይሰጣቸዋል። ኋላም «እንዴት ይህን አመንሁ?» ይላል። ዕንቍውን እያየ የወፊቱን መጠን ስለ ረሳ ነው። እንዲህ የሆነባችሁ ብትኖሩ ልናሳፍራችሁ አይደለም የምንናገረው፤ ያታለላችሁም ሰው ከኃጢአቱ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ሁለተኛው ምክር ግን ለእናንተ ነው፤ ባለፈው አትቃጠሉ።

ይኸው መጽሐፍ ሌላ ምሳሌ አለው፤ እርሱን ሠዓሊዎችና ድንጋይ ጠራቢዎች ሳይቀሩ ወድደውታል። በኢጣልያ አገር በፓርማ ከተማ፥ ግንባታው በ1196 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረ የጥምቀት ቤት አለ፤ በአንደኛው በሩ ላይ ቤኔዴቶ አንቴላሚ የተባለ ጠራቢ ይህንኑ ምሳሌ በድንጋይ ቀርጾታል። ከአባ ዕንባቆም 3 መቶ ዓመት የሚበልጥ ቀድሞ፥ በሌላ አገር በሌላ ቋንቋ ያሉ ክርስቲያኖች ያንኑ ተረት ሰምተው ያንኑ ፍርሃት ፈርተዋል ማለት ነው።

ምሳሌው እንዲህ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀንድ ካለው አስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ከጥልቅ ጕድጓድ ገባ። ሲወድቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ጨበጠ፥ እግሩንም ከአንዲት ተረከዝ መቆሚያ ላይ አሳረፈና የዳነ መሰለው። ወደ ታች ቢመለከት ግን አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር አይጥ እየተፈራረቁ የዛፉን ሥር ሲቈረጥሙ አየ፤ ሊበጥሱትም ጥቂት ቀርቶአቸው ነበር። ከጕድጓዱም በታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እግሩ ካረፈበትም አጠገብ አራት እባቦች ራሳቸውን ብቅ አድርገዋል። ሰውዬው ይህን ሁሉ አየ፤ ነገር ግን ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ ተመለከተ። ያን ጊዜ አውሬውንም፥ ዘንዶውንም፥ አይጦቹንም ረስቶ ምላሱን ወደ ማሩ ዘረጋ።

አውሬው ሞት ነው፤ ጕድጓዱ ይህ ዓለም፥ ሁለቱ አይጦች ቀንና ሌሊት ናቸው። አራቱ እባቦች ሥጋችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት ሲሆኑ፥ ከእነርሱ አንዱ ቢናወጥ እንታመማለን። ዘንዶውም ሲኦል ነው። ማሩ ምን እንደ ሆነ መተርጐም አያስፈልገንም።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን፤ ማሩ ክፉ አይደለም። ማር የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ በአገራችን ለእንግዳ ይቀርባል፥ ሰሙም ጧፍ ሆኖ በመቅደስ ይበራል። ሀብትም እንዲሁ ነው። አብርሃም ባለጸጋ ነበረ፥ ኢዮብም ባለጸጋ ነበረ፤ በሀብታቸው ግን አልተኰነኑም። የሰውዬው ጥፋት ማር መቅመሱ ሳይሆን፥ እየቀመሰ ሳለ አይጦቹ ሲቈረጥሙ መስማት መተዉ ነው። ይህን የአይጦቹን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርነው ተረት ነው፤ ተረት ነው ብሎ የሚያቃልል ሰው ግን እውነተኛውን ታሪክ ይስማ። በኢያሱ ዘመን ኢያሪኮ በወደቀች ጊዜ ከምርኮው ማንም እንዳይነካ ታዝዞ ሳለ፥ አካን የተባለው ሰው ከባቢሎን የመጣ አንድ ያማረ ካባ፥ 200 ሰቅል ብር፥ 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅም አይቶ ተመኘ፤ ወስዶም በድንኳኑ ውስጥ ከመሬት በታች ቀበረው። ያ ካባ ተለብሶ ያውቃልን? አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም። በሰፈሩ መካከል ለብሶት ቢወጣ ሁሉ ያውቅበታል። ብሩም አልተመነዘረም፥ ወርቁም አላጌጠም። አካን ያገኘው ትርፍ ቢኖር በተኛ ቍጥር ከምንጣፉ በታች ያለውን ማሰብ ብቻ ነው። በዚያም መካከል እስራኤል ወደ ጋይ ለጦርነት ወጥተው ተሸነፉ፤ 36 ሰዎችም ሞቱ። እነዚያ 36ቱ ካባውን አላዩትም፤ ከእነርሱ ማንም ድርሻ አልነበረውም። የስስት ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው እንዲህ ነው፤ በቀበረው ሰው ቤት ከመድረሱ በፊት በማያውቀው ሰው ቤት ለቅሶ ይገባል። አካንም ኋላ ተገልጦበት ከነቤተ ሰቡ በአኮር ሸለቆ ጠፋ።

ክረምት ሲገባ የእህል ዋጋ እንዲወደድ ብሎ መጋዘኑን የሚዘጋ ነጋዴ ይህን ያስብ። ጤፉ በጆንያ ተደርድሮ ሳለ የለም ብሎ የመለሳት እናት ወዴት እንደምትሄድ አይጠይቅም። ጤፍ መነገድ ኃጢአት አይደለም፤ ነጋዴ ባይኖር ከተማ እንጀራ አያገኝም፥ የደከመበትንም ትርፍ መውሰዱ ተገቢ ነው። የምንናገረው ስለ ሁለት ሚዛን ነው፤ ሲገዛበት የሚከብድ፥ ሲሸጥበት የሚቀልል። የምንናገረው ጎተራ ሞልቶ ሳለ ባዶ ነው ስለሚል አንደበት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ እርሻው ስለ በጀለት ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ በወንጌል የተጻፈውን ይዞ፥ እህል የዘጉትን ባለጸጎች ወቅሶአቸዋል። አዲስ ጎተራ ለመሥራት አትድከሙ፥ የድሆች ሆድ የተሠራ ጎተራ ነው የሚል ትምህርት ሰጣቸው። በቃል ብቻም አልቀረ፤ የተራቡትን ሰብስቦ አበላ። የወንጌሉ ባለጸጋ ግን በዚያች ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ፤ እህሉንም ማን እንደ በላው አልተጻፈም።

የመሬቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ጐረቤቱ ዐይኑን ሲያነሣ በአንድ ቀን ድንበር የሚያፈርስ ደፋር ጥቂት ነው፤ በየዓመቱ አንድ ፈር፥ አንድ ፈር ብቻ ወደ ወንድሙ ማሳ የሚገፋ ግን ብዙ ነው። በአሥር ዓመት አሥር ፈር ይሆናል። ኋላ ነገሩ ሲታወቅ ሁለቱ ወንድማማቾች ይካሰሳሉ። አንዱ ለጠበቃ በሬውን ይሸጣል፥ ሌላው ለምስክሮች ስንቅና መመላለሻ ላሙን ይሸጣል፤ ማሳውም ፍርድ እስኪሰጥ ጦም ያድራል። በእናታቸው ቀብር ላይ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ቆመው ሳይነጋገሩ ሲለያዩ አይተን አፈር ያለበስን እኛ ነን። ወንድም ከእጅ ወደቀ የምንለው ይህን ነው። ያችን የመሬት ቍራጭ በእርምጃችን ለክተናት ነበር፤ እናታቸው ከተቀበረችበት ስፍራ ብዙም አትሰፋም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበረ፥ በዚያም ባለጸጋ ሆኖአል። ጌታን ወደ ቤቱ በተቀበለ ቀን የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፥ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። «ወደ ፊት አልቀማም» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ያለፈውን ቈጠረ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የወንድሙን ፈር የገፋ ቢኖር ድንጋዩን ወደ ነበረበት ይመልስ፤ ምስክር አያስፈልገውም፥ ማታም ቢሆን ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ሚዛን ያለውም አንዱን ይስበር።

ምናልባት ከሰሚዎቻችን አንዱ «ካህን ስለ ገንዘብ ሲናገር መስማት መልካም ነው፤ ለራሳቸውስ?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም አልሸሸገውም።

ግያዝ የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ነበረ፤ የነቢዩን ደጅ የሚጠብቅ፥ በረከቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ በነጻ ጊዜ ለኤልሳዕ ገጸ በረከት ሊሰጥ ለመነው። ያመጣውም 10 መክሊት ብር፥ 6 ሺህ ሰቅል ወርቅ፥ 10 መለወጫ ልብስም ነበር። ነቢዩ ግን ምንም አልተቀበለም። ያ አሕዛባዊ ሰው ደግሞ የለመነው ምን ነበረ? ለእግዚአብሔር የሚሰግድበት፥ ሁለት በቅሎ የሚጭነው አፈር! የውጭው ሰው አፈር ሲለምን የቤቱ ሰው ብር ተመኘ። ግያዝ ከኋላው ሮጦ፥ ከነቢያት ልጆች ሁለት ጐልማሶች በድንገት እንደ መጡና ጌታው 1 መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ እንደሚጠይቅለት አድርጎ ዋሸ። ንዕማንም ደስ ብሎት 2 መክሊት ሰጠው። ግያዝ ዕቃውን በቤቱ ሸሽጎ ገብቶ በጌታው ፊት ቆመ። ከወዴት እንደ መጣ ሲጠየቅም የትም አልሄድሁም አለ።

ኤልሳዕ የመለሰለትን አስተውሉ። ብርና ልብስ መውሰዱን ብቻ አልነገረውም፤ የወይራውን ቦታ፥ የወይኑን ቦታ፥ በጎቹንና በሬዎቹን፥ ሎሌዎቹንና ገረዶቹን ሳይቀር ቈጠረለት። ግያዝ ገና ከመንገድ ሲመለስ በዚያ ብር ሊገዛ በልቡ ያሰበውን ሁሉ ነቢዩ አንብቦለታል ብለን እናስባለን። የንዕማንን ብር የፈለገ የንዕማንን ለምጽ ወሰደ፤ ከጌታውም ፊት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ወጣ። በእጁ የነበረው ምን ነበረ? ኤልሳዕ ራሱ የኤልያስ አገልጋይ ሳለ የመምህሩን መንፈስ እጥፍ አድርጎ ተቀብሎ ነበር። ግያዝም በዚያው ስፍራ ቆሞ ነበር፤ ለእርሱ ምን ተዘጋጅቶለት እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። እርሱ ግን በ2 መክሊት ለወጠው።

እኛም የግያዝን ታሪክ ስናነብ ፊታችን ይቀላል፤ ምክንያቱንም እንነግራችኋለን። ልጅ ሆነን ከቤተ ሰባችን ርቀን ቅኔ ስንማር እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ ይዘን፥ በየደጁ ስለ እመቤታችን ስም እየለመንን ነበር የምንኖረው። አንድ ክረምት እህል ጠፋ። በየደጁ ብንቆም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ከማለት በቀር የሚሰጡን ጥቂቶች ነበሩ። በተማሪ ቤት ሥርዓት የለመንነውን ሁሉ አምጥተን ከጓደኞቻችን ጋራ አብረን እንበላ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አንዲት ደግ ሴት አንድ ሙሉ ዳቦ ሰጠችን፤ እኛም ግማሹን ብቻ አቅርበን፥ ግማሹን በጎጆአችን ክዳን ሣር ውስጥ ሸጐጥነው። ለነገ ብለን ነው።

በዚያች ጎጆ አብሮን የሚያድር አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ንዳድ ይዞት ተኝቶ ነበር። በዚያች ሌሊት ነቅቶ «የሚቀመስ ነገር አለን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «የለም» አልነው። ግያዝ ያለውን ቃል ነው ያልነው፤ ያን ጊዜ ግን ግያዝን አላሰብነውም፥ ነገ እንዴት እንደምንበላው እናስብ ነበር እንጂ። ነጋም፥ እርሱ እያየ ልናወርደው አፈርን፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እርሱን ወደ የኔታ ቤት ወስደውት ጎጆው ባዶ በሆነ ጊዜ እጃችንን ወደ ክዳኑ ሰደድን። ያገኘነው በሻጋታ የለበሰ ቅርፊትና የአይጥ ጥርስ ምልክት ነው። ዳቦውን እኛም አልበላነው፥ እርሱም አልበላው።

እርሱ በእግዚአብሔር ቸርነት፥ የኔታም አጥሚት እያጠጡ ባስታመሙት ጊዜ ዳነ። ያቺ ቃል ግን በእኛ ዘንድ ቀረች። ክህነት ከተቀበልን በኋላ ለንስሐ አባታችን ተናግረናታል፤ ለእርሱ ለራሱ ለመንገር ግን ብዙ ዓመት ፈጀብን። ባለፉት ዓመታት በአንድ በዓለ ንግሥ ላይ ተገናኘን። እርሱም መምህር ሆኖ ተማሪዎች ተከትለውት መጥቶ ነበር። ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወስደነው የዳቦውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርነው፤ ከእግሩም ወድቀን ይቅርታ ለመንነው። እርሱ አንሥቶን ሳቀ።

«አውቅ ነበር እኮ» አለን። «በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አይጦቹ ከክዳኑ ውስጥ ሲቈረጥሙ እስኪነጋ ድረስ እሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልኸን?» አልነው።

«አንተ የምትሰማቸው መስሎኝ ነው» አለና፥ ከአኩፋዳው ዳቦ አውጥቶ ቈርሶ ሰጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።